ለቅጥርና ለደረጃ ዕድገት ኮሚቴዎች፦ ያቺን ሣጥን ሰርዙልን

የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፣

ባለፈው ወር የደረጃ ዕድገት ቅጽ ስሞላ ነበር። ዘጠኝ ገጽ ነው። የታተሙ ፔፐሮች፣ ያማከርኳቸው ተማሪዎች፣ ያመጣሁት የምርምር ገንዘብ፣ ሁሉም የለመድኩት ነው። ስድስተኛው ገጽ ላይ ግን አንዲት አዲስ ሣጥን ጠበቀችኝ። «በማኅበራዊ ሚዲያ ያሉዎት ተከታዮች ብዛት» ትላለች። የምትቀበለው ቁጥር ብቻ ነው። «ይህ ለምን አስፈለገ?» ብዬ ልጽፍባት ስሞክር ዙሪያዋ ቀይ ሆነ።

እሷን እያየሁ አመሸሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለአንድ ተቋም አይደለም። እንዲህ ያለች ሣጥን ያስገባችሁም፣ ልታስገቡ ያሰባችሁም አንብቡት። (የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሜ ልናዘዝ። ማኅበራዊ ሚዲያን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የምነካው ስልኬን ነው፤ የቤቴ ሰዎች ይመስክሩ። ስለዚህ «ስልካችሁን ጣሉ» የሚል ደብዳቤ እንዳይመስላችሁ። እዚያ ትልቅ ሥራ እየተሠራ፣ እናንተ ለመቁጠር ከሁሉ የቀለለውን ነገር መረጣችሁ ነው የምለው።

ሳይንስ ከጥንትም የሚሄደው በሰው ለሰው ወሬ ነው። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ ሄንሪ ኦልደንበርግ ከአገር አገር ደብዳቤ ሲጻጻፍ የኖረ ሰው ነው። «ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ» የተባለውን ጆርናል በ1665 የጀመረውም እሱ ነው። ሦስት መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በ1960ዎቹ፣ የሳይንስ ታሪክ አጥኚው ዴሬክ ደ ሶላ ፕራይስ ስለ «የማይታዩ ኮሌጆች» ጻፈ። ጥቂት ሰዎች ያልታተመ ሥራቸውን እርስ በርስ ይላላካሉ። ከክበቡ ውጭ ያለው ሰው ወሬውን የሚሰማው ጆርናሉ ሲወጣ ነው፤ ያኔ ደግሞ ጉዳዩ በርዷል። በ1991 የፊዚክስ ሊቁ ፖል ጊንስፓርግ አሜሪካ ሎስ አላሞስ ሆኖ አርካይቭን፣ ያልታተመ ፔፐር ለሁሉ በነጻ የሚለጠፍበትን መድረክ፣ ሲከፍት የዚያ ክበብ በር ገርበብ አለ። ማኅበራዊ ሚዲያ ደግሞ በሩን ከነመቃኑ ነቀለው።

እኔ ራሴ ያ በር መነቀሉ የጠቀመኝ ሰው ነኝ። ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ፔፐር አሳተምኩ። ሦስት ገምጋሚዎች አይተውታል። ሁለት ጊዜ ተመልሶልኝ አርሜዋለሁ። በወጣ በአራተኛው ቀን ከማላውቃት ተማሪ አንድ መልእክት መጣ፤ ያውም ሁሉ በሚያየው ቦታ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ምስል 3 ላይ ያሉት ቁጥሮች ከሰንጠረዥ 2 ጋር አልገጠሙልኝም። አሥር እጥፍ ይለያያሉ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት?»

እሷ አልነበረችም። መለኪያውን ስቀይር አንዲት ዜሮ ጥዬ ነበር። ላብ አጠመቀኝ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ መልእክቱን ያላየሁ መምሰል ነው፤ አሁን ስጽፈውም አፍራለሁ። ግን ሌላ ሰው አይቶታል። በነጋታው «ልክ ነሽ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ እዚያው መለስኩላት፤ ለጆርናሉም ማረሚያ ላክሁ። ከዚያ እየተጻጻፍን ቆየን። ሁለት ሥራ አብረን አሳተምን። ዛሬ የራሷ ላብራቶሪ አላት። ያኔ ተከታዮቿ 61 ነበሩ። ቁጥሩን የማልረሳው ለምን መሰላችሁ? «ማን ናት ደግሞ?» ብዬ ገጿን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት እሱን ስለሆነ ነው። በልቤ ትንሽ እንደናቅኋትም አልደብቅም።

ይህ የኔው ትንሽ ገጠመኝ ነው። ከዚህ የሚገዝፉትም መልካቸው ያው ነው።

በዲሴምበር 2010 ናሳ ዓለምን ጉድ አሰኘ። ካሊፎርኒያ ካለው የሞኖ ሐይቅ የተገኘ ባክቴሪያ በፎስፈረስ ፋንታ አርሴኒክ ተጠቅሞ ያድጋል ተባለ፤ ዲኤንኤው ውስጥ ሳይቀር። ጽሑፉ የወጣው «ሳይንስ» ጆርናል ላይ ነው። በቀናት ውስጥ የካናዳዋ ማይክሮባዮሎጂስት ሮዚ ሬድፊልድ ብሎጓ ላይ አንድ በአንድ ተቸችው። ከወዲያኛው ወገን መጀመሪያ የተሰማው መልስ «እንዲህ ያለ ክርክር ቦታው ብሎግ አይደለም፤ በጆርናል ይምጣ» የሚል ነበር። እሷ ግን በትችት አልቆመችም። ሙከራውን ራሷ ደገመችው። የላብራቶሪ ውሎዋንም እዚያው ብሎጓ ላይ እየጻፈች ለሁሉ አሳየች። በ2012 «ሳይንስ» የእሷን ቡድን ሥራ ጨምሮ ሁለት አፍራሽ ጥናቶችን አተመ። ጆርናሉ ዋናውን ጽሑፍ የሻረው ግን በጁላይ 2025 ነው፤ ጸሐፊዎቹ ያኔም አልተስማሙም። እርግጥ መተቸትና መሻር አንድ አይደሉም። ቢሆንም አስሉት። ብሎግ ላይ ቀናት፣ በጆርናል በኩል ዐሥራ አራት ዓመት ተኩል።

ሌላም አለ። በ2009 መጀመሪያ የሒሳቡ ሊቅ ቲሞቲ ጋወርስ ብሎጉ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ዘርግቶ «የፈለገ ይግባ» አለ። ሰው ሁሉ ግማሽ ሐሳቡን፣ ያልበሰለውን ሳይቀር፣ አስተያየት መስጫው ላይ ይጥል ጀመር። አንዱ የጣለውን ሌላው ያነሳል፣ ሦስተኛው ስሕተቱን ያሳያል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እንዲህ ነው። ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ዋናው ጥያቄ ተፈታ። ፔፐሩም «ዲ ኤች ጄ ፖሊማዝ» በሚል የጋራ የብዕር ስም ወጣ። በ2013 ይታንግ ዣንግ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ70 ሚሊዮን የማይበልጥ የብቸኛ ቁጥሮች (ከአንድና ከራሳቸው በቀር የማይካፈሉ እንደ 5 እና 7 ያሉ) ጥንዶች ማለቂያ የላቸውም ብሎ ሲያረጋግጥ፣ ያው የብሎግ መንደር ቁጥሩን ያወርደው ገባ። ጄምስ ሜይናርድ ለብቻው ያመጣው አዲስ ዘዴ ሲጨመርበት 70 ሚሊዮኑ 246 ላይ ደረሰ።

አሁን ልጠይቃችሁ። እኩለ ሌሊት ላይ ቁልፏን ሐሳብ አስተያየት መስጫው ላይ የጣለ ወጣት ቅጻችሁ ላይ የት ይገባል? የብዕር ስሙ የጋራ ነው። ተከታይ አላፈራም። ሣጥናችሁ ዜሮ ትለዋለች። አስተያየቱ ግን ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ እዚያው ተቀምጧል። የቀረው ማንበብ ብቻ ነው።

ለመሆኑ መታየት ይጠቅማል ወይ? ለሥራ ፍለጋ፣ አዎ። ሶሲዮሎጂስቱ ማርክ ግራኖቬተር በ1973 ሰው ሥራ የሚያገኘው ከቅርብ ወዳጁ ይልቅ በሩቁ በሚያውቀው ሰው በኩል እንደሆነ ጽፎ ነበር። የቅርብ ወዳጃችሁ የሰማውን እናንተም ሰምታችኋል፤ አዲስ ወሬ የሚመጣው ከሩቅ ነው። በ2022 ደግሞ ሊንክድኢን በተባለው የሥራና የሙያ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በ20 ሚሊዮን ሰዎች ላይ ለአምስት ዓመት የተካሄደ ሙከራ ይፋ ሆነ። ነገሩን በአብዛኛው ደገፈው። ከሁሉ የጠቀመው ግን ፍጹም ባዕዱ አልነበረም፤ ጥቂት የጋራ ወዳጆች ያሉን፣ በመጠኑ የምናውቀው ሰው ነው። አማካሪው ስም ለሌለው፣ ኮንፈረንስ የሚሄድበት ገንዘብ ለሌለው ጀማሪ ተመራማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በቡና ሰዓት ከትልልቆቹ ጎን የመቆምን ዕድል ነው የሚተካለት።

ነገር ግን ልብ በሉ። እዚህ ሥራውን የሠራው ከወዲያኛው ጫፍ ያለ አንድ ሰው ነው። ብዛት አይደለም።

ፔፐርን ማስተዋወቅ ሳይቴሽን (በሌሎች ፔፐሮች መጠቀስን) ያመጣል ወይ ለሚለው መልሱ ይበልጥ ይገርማል። በ2020 ይፋ የሆነ የደረት ቀዶ ሐኪሞች ሙከራ ነበር። በዕጣ ተመርጠው ትዊተር ላይ የወጡት ጽሑፎች በአንድ ዓመት ውስጥ የበለጠ ሳይቴሽን አገኙ ተባለ። ስንቶቻችን ይህን ሼር አድርገናል! እኔም አለሁበት። ከዚያ በ2024 ሌላ ሙከራ «ፕሎስ ዋን» ጆርናል ላይ ወጣ። ብዙ ተከታይ ያላቸው ሳይንቲስቶች ከ11 ጆርናሎች በዕጣ የተመረጡ 110 ጽሑፎችን ትዊት አደረጉ፤ ሌሎቹን ለማነጻጸሪያ ተዉአቸው፤ ሦስት ዓመት ጠበቁ። ዳውንሎዱ ጨመረ። ወሬውም ጨመረ። ሳይቴሽኑ ግን አስተማማኝ ልዩነት አላሳየም። ይህኛውን ሼር ያደረገ ሰው ገጼ ላይ ብዙም አላየሁም።

ስለዚህ ተከታይ የምትቆጥሩት የምርምርን ጥራት ይነግረናል ብላችሁ ከሆነ መሠረቱ ስስ ነው። ኒል ሆል የተባለ ሳይንቲስት በ2014 የአንድን ተመራማሪ የትዊተር ተከታዮች ከሳይቴሽኑ ጋር የሚያነጻጽር መለኪያ አወጣ። በዝናዋ በምትታወቀው በኪም ካርዳሺያን ስም «የካርዳሺያን ኢንዴክስ» አለው። ቀልድ ነበር። የተመራማሪዎች ማኅበራዊ ድረ ገጽ የሆነው ሪሰርችጌት ደግሞ ለየተመራማሪው የሚሰጠው የራሱ ነጥብ ነበረው። አሠራሩ ግልጽ አይደለም እየተባለ ለዓመታት ተተቸ፤ በ2022 ድርጅቱ ራሱ አነሳው። ቁጥሩን የፈጠሩት ሲጥሉት እናንተ ታነሱታላችሁ ማለት ነው። ብዙዎቻችሁ ደግሞ «ዶራ»ን ፈርማችኋል፤ በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጠነሰሰውን ስምምነት ማለቴ ነው። ተመራማሪን በታተመበት ጆርናል ነጥብ አትመዝኑት፣ ሥራውን እዩ ይላል። አንዱን ቁጥር በፊት በር አስወጥታችሁ ሌላውን በጓሮ አስገባችሁት።

ያ ቁጥር ደግሞ ለሁሉ እኩል አያድልም። ሶሲዮሎጂስቱ ሮበርት መርተን በ1968 ይህን ነገር ከወንጌል ወስዶ በማቴዎስ ስም ጠርቶታል፤ ላለው ይጨመርለታል። ስም ያለው ተቋም ውስጥ የተቀመጠ ሰው «እንደምን አደራችሁ» ብሎ የሚያገኘውን ላይክ ሌላው የሦስት ዓመት ሥራውን ለጥፎ አያገኘውም። በ2019 የጤና አገልግሎት ተመራማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት የሴቶቹ ተከታዮች በአማካይ ከወንዶቹ ግማሽ ገደማ እንደሆኑ አሳይቷል። እሱንም ቢሆን ገንዘብ ያለው ይገዛዋል፤ ተከታይ እንደ ዕቃ ይሸጣል።

ደግሞስ የማን ንብረት ነው? ኢሎን መስክ በኦክቶበር 2022 ትዊተርን በ44 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በዓመቱ ተመራማሪዎች በነጻ ይጠቀሙበት የነበረው የመረጃ በር ተዘጋ፤ ስሙም ኤክስ ሆነ። ብዙ ባልደረቦቼ ወደ ማስቶዶንና ወደ ብሉስካይ ሄዱ፤ የዐሥር ዓመት ተከታዮቻቸውን እዚያው ጥለው። የተከራያችሁት ቤት ግድግዳ ላይ ሥዕል እንደመሳል ነው፤ ስትለቁ ይዛችሁት አትወጡም። እነዚያ ሰዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ደካማ ተመራማሪ ሆኑ ልትሉን ነው?

ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ቁጥሩ የምንጠይቀውን ጥያቄ ራሱን ይለውጠዋል። አንድ የፒኤችዲ ተማሪዬ ሁለት ርእስ ይዞ መጣ። አንደኛው ሁላችንም የምንጠቀምበት መሣሪያ በሙቀት ምን ያህል እንደሚሳሳት መለካት ነው። አሰልቺ ነው። ግን ከተሠራ የብዙ ሰው ውጤት ይስተካከላል። ሁለተኛው ያማረ ምስል የሚወጣው ነገር ነው። «የቱ ይሻልሃል?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ሁለተኛው ሼር ይደረጋል» አለኝ። ሰነፍ ልጅ እንዳይመስላችሁ፤ ካየኋቸው ሁሉ ጎበዝ ከሚባሉት ነው። ቅጻችሁን አንብቦታል፣ በቃ።

በጁላይ 2023 ኤልኬ-99 የተባለ ቁስ በክፍል ሙቀት ሱፐርኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን ያለ ብክነት የሚያስተላልፍ) ነው የሚል የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች ጽሑፍ አርካይቭ ላይ ሲወጣ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ተንሳፈፈ የተባለ ጠጠር ቪዲዮ ዓለሙን ዞረ። በሳምንታት ውስጥ የተለያዩ ላብራቶሪዎች ደግመው ሠርተው እንዳልሆነ አሳዩ፤ ውስጡ የቀረ የመዳብ ሰልፋይድ ነበር ብዙውን ያሳሳተው። ያን ሰሞን ገጼ በትንተና ተጥለቅልቆ ነበር። እቶን ፊት ቁጭ ብለው ናሙና የሚያበስሉት ግን ፖስት ለማድረግ ጊዜ አልነበራቸውም። ሣጥናችሁ የምትሸልመው የትኛውን ነው?

አንድ ነገር ደግሞ በቁጭት ልናገር። እንድንታይ ትፈልጋላችሁ፤ ስንሰደብ ግን የላችሁም። በ2021 «ኔቸር» ስለ ኮቪድ ለሚዲያ የተናገሩ 321 ሳይንቲስቶችን ጠይቆ ነበር። 15 በመቶው የግድያ ዛቻ ደርሷቸዋል። አንዳንዴም ጭራሽ ከተሳዳቢው ወገን ትቆማላችሁ። በ2014 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ለስቲቨን ሳላይታ የሰጠውን የሥራ ዕድል ስለ ጋዛ ጦርነት በጻፋቸው ትዊቶች ምክንያት ነጠቀው። በዓመቱ በ875 ሺህ ዶላር ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እሱን ሁላችንም እናውቃለን። ግን ያው ጽሑፍ ስድስተኛው ገጽ ላይ ነጥብ፣ ዲስፕሊን ኮሚቴ ዘንድ ክስ ሲሆን ምን እንድናደርግ ነው የምትፈልጉት?

ጊዜ እንደሌላችሁ ይገባኛል። እኔም ኮሚቴ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። አንድ ምሽት ሁለት አመልካቾች ቀሩን፤ ሁሉም ደክሞታል። አንዱ ባልደረባችን ስልኩን አወጣና ፈለጋቸው። «ይሄኛው 40 ሺህ ፎሎወር አለው፤ ያቺኛዋ አካውንትም የላት» አለ። ማንም ምንም አላለም። እኔም ዝም አልኩ። ድምፅ ስንሰጥ እሱ አለፈ። ምናልባት በሥራውም ይበልጣት ይሆናል። ግን ከዚያች ደቂቃ በኋላ የሁለቱንም ፋይል ዳግም የገለጠ ሰው አልነበረም። ሣጥኗን ሳያት የታየኝ ያ ምሽት ነው። ያኔ ቢያንስ ስልክ ማውጣት ያስፈልግ ነበር፤ አሁን ታትማ መጣች።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሣጥኗን አውጡልንና በቦታዋ አንድ አንቀጽ የሚጻፍበት ክፍት ቦታ ተዉ። በይፋ የተደረገ አንድ ውይይት የእርስዎን ወይም የሌላ ሰው ሥራ የለወጠበትን አንድ አጋጣሚ ይጻፉ በሉን፤ ሊንኩንም ያያይዙ በሉን። ስሕተት ያረመ ይጻፈው። ስሕተቱ የታረመለትም ይጻፈው፤ እኔ እጽፈዋለሁ። ዳታውን ቀድሞ የለቀቀ ይጻፈው። በጃንዋሪ 2020 የኮሮና ቫይረሱን የዘረመል ቅደም ተከተል የዣንግ ዮንግዠንን ቡድን ወክሎ ቫይሮሎጂካል የተባለው መድረክ ላይ ያወጣው ኤድዋርድ ሆልምስ፣ መውጣቱን ለዓለም የነገረው በአንዲት አጭር ትዊት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛው ቁጥር ይይዘዋል? አካውንት የሌለው ደግሞ ባዶ ይተወው፤ አይቀነስበት። እናንተም ሊንኩን ክፈቱት። ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ባለፈው ሳምንት ያቺ ምስል 3ን ያረመችልኝ ልጅ ደወለችልኝ። እሷም ያንኑ ቅጽ እየሞላች ነው። ስድስተኛው ገጽ ላይ ደርሳለች። «እንደው ይሄን ባዶ ብተወው ይመልሱብኛል?» አለችኝ። ስንት ናቸው ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች።

«ደርሰዋል እኮ» አለች፤ «74።»

ከአክብሮት ጋር፣
ሣጥኗን ባዶ ትቶ ቅጹን የላከ ተመራማሪ